ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሞተር፦ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ለሚያስቡ ጀማሪዎች



የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው። ባለፈው ዓመት ያጠራቀማትን ገንዘብ ከአባቱ ከተበደረው ጋር ደምሮ ሞተር ሳይክል ገዛ። መንጃ ፈቃድ አልነበረውም። ጓደኛው በአንድ ከሰዓት «ይሄ ፍሪሲዮን ነው፣ ይሄ ማርሽ ነው» ብሎ አሳየው። በሦስተኛው ቀን ሰፈር ውስጥ ዞረ፤ በሳምንቱ ደሴ ወጣ። መውጣቱ አልከበደውም። ሲመለስ ግን ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ሞተሩን ፎሌ ላይ አድርጎ የሐረጎን ቁልቁለት ለቀቀው። ግማሽ ላይ ሲደርስ ፍሬኑ አልይዝ አለ፤ አንድ ኩርባ ላይ መንገድ ዳር ይሄዱ የነበሩ አባት ገጨ።

አልሐምዱሊላህ፣ ሰውየው በሕይወት አሉ። እግራቸው ግን ዛሬም በምርኩዝ ነው። መንጃ ፈቃድ የለም፣ ኢንሹራንስ የለም። ሽማግሌ ተቀምጦ ነገሩ በዕርቅ ሲያልቅ ለሕክምናው ሞተሩ ተሸጠ፤ አልበቃ ሲል ሁለት ላም ተጨመረ። የፖሊሱ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ሞተር ልገዛ ነው፣ ከየት ልጀምር?» የሚለኝን ወጣት ሁሉ ቁጭ አድርጌ የምነግረው አንድ ነገር ነው፦ ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ። መጀመሪያ ሥልጠናውና ፈቃዱ፣ ቀጥሎ ሞተሩ፣ ከዚያ የከተማው መንገድ፣ መጨረሻ ላይ ሐረጎ። አብዛኞቻችን ግን ሞተሩን ገዝተን፣ መንገዱን ጀምረን፣ ፈቃዱን ትራፊክ ሲይዘን ነው የምናስበው።

መንጃ ፈቃድ የምንለውን ሕጉ «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ይለዋል። አሁን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው፤ ከእሱ በፊት አዋጅ ቁጥር 600/2000 ነበር። ስሙን ልብ በሉት። ፈቃዱ የሚያረጋግጠው ሞተር እንዳላችሁ ሳይሆን ብቃት እንዳላችሁ ነው። ፈቃዱ በምድብ የተከፋፈለ ሲሆን ሞተር ሳይክል የራሱ ምድብ አለው። ስለዚህ የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በዚያው ወረቀት ሞተር ልንዳ ቢል አይሆንለትም። በሞተር ሳይክል ፈቃድ ባጃጅ መያዝም እንዲሁ ነው። «ሦስት እግር ያለው ሞተር አይደለም እንዴ?» ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ ነገር ግን ባጃጅ የሚዞረውም የሚገለበጠውም በሌላ መንገድ ስለሆነ ሥልጠናውም ሌላ ነው።

ዕድሜያችሁ 18 ዓመት የሞላ መሆን አለበት። ማሠልጠኛ ተቋም ስትሄዱ የነዋሪነት መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ ውጤትና ፎቶግራፍ ያዙ። በጤና ምርመራው ዓይን ዋናው ነው። ከሩቅ ያለ ሰው ፊት የሚደበዝዝባችሁ ከሆነ ሐኪሙን ለማታለል ከመሞከር መነጽር ማሠራት ይሻላል። መነጽር ማድረግ ከፈቃድ አይከለክልም፤ ያላዩት ድንጋይ ግን ከሞተር ይጥላል።

ሥልጠናው ሁለት ክፍል አለው። የንድፈ ሐሳቡ ክፍል የመንገድ ምልክቶችንና የትራፊክ ሕጉን፣ የአሽከርካሪ ሥነ ባህሪን፣ የተሽከርካሪ መሠረታዊ ቴክኒክንና የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታን ይዟል። ከዚያ የተግባሩ ይቀጥላል። የሚያሠለጥናችሁ ተቋሙ ነው፤ የሚፈትናችሁ ግን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ነው። ይህ መለያየት የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ አሠልጣኙ ራሱ ላሠለጠነው ውጤት እንዳይሰጥ። ታዲያ አንዳንዱ ደላላ «ሥልጠናውን ተወው፣ ወረቀቱን እኔ አመጣልሃለሁ» ሲል በዚህ መሀል ያለውን ቀዳዳ ነው የሚሸጠው። ሐሰተኛ ሰነድ መያዝ ወንጀል መሆኑ አንድ ነገር ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን ገንዘቡን ከፍሎ ወረቀቱን ያገኘው ልጅ ፍሬን መያዝ አለመልመዱ ነው። ውሸት ምስክርነት የሚያስጨንቀን ሰዎች ይህንንም ከዚያው ልንቆጥረው ይገባል ባይ ነኝ።

ተቋም ስትመርጡ በዋጋ ብቻ አትምረጡ። ግቢው ድረስ ሂዱና አንድ ጠዋት ቆማችሁ ተመልከቱ። ለሞተር ሠልጣኞች ስንት ሞተር አለ? አንድ ሞተር ለሃያ ሰው ከሆነ የከፈላችሁት ለመቆም ነው። አሠልጣኙ ራሱ ሞተር ይነዳል ወይስ የመኪና አሠልጣኝ ነው ጎን ለጎን የሚያየው? ሠልጣኙ ሄልሜት አድርጓል? ከግቢ ውጭስ መንገድ ላይ ይወጣሉ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጧችሁን መልስ ከሰማችሁ በኋላ ብዙ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፎሌ የምንላቸው ቃላት የጣሊያንኛ ናቸው፤ ከሹፌር ወደ ሹፌር ሲተላለፉ የኛ ሆነዋል። ሞተር ላይ ሲሆኑ ቦታቸው እንዲህ ነው፦ ፍሪሲዮን በግራ እጅ፣ ማርሽ በግራ እግር፣ ነዳጅ መስጫውና የፊት ፍሬን በቀኝ እጅ፣ የኋላ ፍሬን በቀኝ እግር። የማርሹ አጣጣል ግን ከሞተር ሞተር ይለያያል። በብዙዎቹ አንደኛ ወደ ታች፣ ቀሪዎቹ ወደ ላይ ናቸው፤ ሁሉም ወደ ታች የሚገቡበትም አለ። የጓደኛችሁን ሞተር ተውሳችሁ ስትነሱ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ። ማርሽ እጨምራለሁ ብሎ ቀንሶ፣ የኋላ ጎማው ተቆልፎ የወደቀ ሰው አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ሞተሩን ሳያስነሱ መግፋት ነው። አሰልቺ ይመስላል። ግን ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ወደየት እንደሚያዘነብል ሰውነታችሁ የሚያውቀው ያኔ ነው። ቀጥሎ አንደኛ ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያላችሁ ልቀቁት። ሞተሩ መሳብ የሚጀምርባት አንዲት ጠባብ ቦታ አለች። ጀማሪ የሚዘለው ወይም ሞተር የሚያጠፋው ያቺን ቦታ ስላላወቃት ነው። እሷን ካገኛችኋት ግማሹ ሥልጠና አለቀ።

ከዚያ ስምንት ቁጥር ይመጣል። በመሰናክሎች መካከል እግር ሳያወርዱ መዞር ከጉልበት ይልቅ የዓይን ሥራ ነው። ሞተር ዓይን ወደሚያይበት ይሄዳል። የፊት ጎማችሁን ካያችሁ ትወድቃላችሁ፤ ቀጥሎ የምትዞሩበትን ቦታ አንገታችሁን አዙራችሁ ካያችሁ ይዞርላችኋል። ፍጥነቱን በኋላ ፍሬን በስሱ ያዙት፤ በዝግታ ስትዞሩ የፊት ፍሬን አትንኩ።

የፊት ፍሬን ነገር ሰፊ ሐሜት አለበት። «የፊት ፍሬን ይገለብጣል፣ አትንካው» የሚል ምክር ከሰፈር አይጠፋም። እውነቱ ሌላ ነው። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛው የማቆም ኃይል ያለው ከፊት ነው። የሚገለብጠው በድንገት ጨምድዶ መያዝ፣ ወይም ሞተሩ ባጋደለበት፣ ወይም ጠጠር ላይ መያዝ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ፣ የፊቱን ጨመቅ ጨመቅ እያደረጋችሁ ከመለስተኛ ፍጥነት ጀምሮ ደጋግማችሁ ተለማመዱ። የኋላ ፍሬን ብቻ የለመደ ሰው ሕፃን ልጅ ድንገት ሲገባበት መቆም አይችልም። ሒሳቡን እንየው፦ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ልባችሁ ደንግጦ እጃችሁ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ ያቺ ሴኮንድ አልፋለች። በ30 ቢሆን ከ8 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ደሴ ላይ የምትማሩ ከሆነ ተራራው ራሱ አሠልጣኝ ይሆናል። ከጦሳ ሥር ተዳፋት ላይ በተሠራ ከተማ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ፒያሳ አካባቢ መኪናው ሁሉ ሲቆም እናንተም ዳገት ላይ ቆማችኋል እንበል። ግራ እግር መሬት፣ ቀኝ እግር የኋላ ፍሬን ላይ። ፍሪሲዮኑን እስከምትስበው ቦታ ልቀቁ፣ ነዳጅ ጨምሩ፣ ሞተሩ ወደፊት ሲገፋ ከተሰማችሁ በኋላ ብቻ ፍሬኑን ልቀቁ። ሁለቱንም እግር አውርዶ በፊት ፍሬን ብቻ የሚይዝ ሰው ነዳጅ የሚሰጠውም በዚያው እጅ ስለሆነ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሌላው ነገር ከፍታው ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ የቤንዚን ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ሁለት ሰው ጭናችሁ ዳገት ላይ ሲደክም ብልሽት መስሏችሁ አትደንግጡ፤ ማርሽ ቀንሱ። ሁለት ሰው ግን አትጫኑ።

ኮምቦልቻ ለጀማሪ የሚቀል ይመስላል፤ ሜዳ ነው፣ መንገዱ ሰፋ ይላል። የእሷ ፈተና ተሳቢዎቹ ናቸው። ከጅቡቲ ወደብ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ከባድ መኪና ሁሉ በዚያ ያልፋል። የተሳቢ ሹፌር ከጎኑ ዝቅ ብላችሁ ብትሄዱ አያያችሁም። መለኪያው ቀላል ነው፦ የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላያችሁት እሱም እናንተን አላያችሁም። ተሳቢ ሲታጠፍ የኋላው ክፍል ጥጉን ቆርጦ ስለሚያልፍ በውስጥ በኩል አትግቡ። ሲያልፋችሁም ንፋሱ መጀመሪያ ይገፋል፣ ቀጥሎ ይስባል፤ መሪውን አጥብቃችሁ ሳታንቁ ያዙ።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያች አጭር ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይወርዳል። ሐረጎ ላይ ኩርባው ተደራራቢ ነው፤ ክረምት ሲሆን ጉም ይወርድበታል፣ ዝናብ አፈርና ድንጋይ ያንሸራትትበታል። ነዳጅ በጠፋና በተወደደ ቁጥር በፎሌ መውረድ እንደ ብልሃት ተቆጥሯል። የእህቴ ልጅ ያንን ያደረገው ሁሉም ሲያደርገው ስላየ ነው። ለምን እንደሚገድል ግን ማንም አልነገረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ሲቀነስለት ራሱ ጎማውን ይይዘዋል። ፎሌ ላይ ግን ጎማው ነጻ ስለሆነ የተራራውን ጉልበት ሁሉ የሚሸከመው ፍሬኑ ብቻ ይሆናል። ፍሬን የሚሠራው በመፋተግ ነው፤ መፋተግ ሙቀት ነው። ለደቂቃዎች ሳይለቀቅ የተያዘ ፍሬን፣ በተለይ ብዙዎቹ ርካሽ ሞተሮች ያላቸው ታምቡር ፍሬን፣ ሙቀቱን መውጫ ያሳጣዋል። ሲግል ሸራው መያዙን ይተዋል። መርገጫውን ትረግጣላችሁ፣ ይወርዳል፣ ሞተሩ ግን አይቆምም። በዚያ ፍጥነት ፎሌ ላይ ያለን ሞተር መልሶ ማርሽ ማስገባት ደግሞ ለነባሩም ይከብዳል።

ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሱ። ሹፌሮች የሚሉት አባባል ልክ ነው፤ የምትወጡበት ማርሽ የምትወርዱበትም ነው። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ ሆናችሁ ሞተሩ ይጩህ፤ አይሰበርም። ፍሬኑን ያዝ አድርጋችሁ ልቀቁ፤ እንዲተነፍስ ጊዜ ስጡት። ፍጥነት መቀነስ ያለበት ኩርባው ከመድረሱ በፊት ነው፤ ኩርባው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ፍሬን መጨመድድ ያንሸራትታል። ከፊታችሁ የሚወርድ ከባድ መኪና የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ፍሬኑ ግሏል ማለት ስለሆነ ራቁት፤ ከኋላችሁ ከሆነ ደግሞ ዳር ይዛችሁ ቁሙና ይለፍ። ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሁሉም ያንሸራትታሉ፤ አቧራውና የፈሰሰው ዘይት ገና አልታጠቡምና። ጉም ከሆነ አትውረዱ። ቀጠሮ አለብኝ የሚል ሰው ሚኒባስ ይሳፈር።

ፈቃዱን ያገኘ ሰው ሐረጎን ከመሞከሩ በፊት ቢያንስ ሁለት ወር በከተማ ውስጥ ይንዳ እላለሁ። ይህ የእኔ ግምት ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወርድም በጋ፣ ጠዋት፣ ብቻውን፣ ከነባር ሞተረኛ ኋላ ይሁን።

ሄልሜት ማድረግ ግዴታ ነው። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረው የኮክሬን ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስቀምጧል። ይህ የሚሠራው ግን ማሰሪያው ከታሰረ ነው። ያልታሰረ ሄልሜት ከሰውየው ቀድሞ መሬት ይደርሳል። ከሄልሜት ሥር ጠንካራ ኮፍያ አታድርጉ፤ ክፍተት ስለሚፈጥር ሄልሜቱ ይዞራል። ኮፍያውን ኪስ ውስጥ አድርጉት፣ መስጂድ ደርሳችሁ ታደርጉታላችሁ። ለእህቶች ደግሞ ቀጭንና ጠበቅ ያለ ሒጃብ ያለ ስፒል ከሄልሜት ሥር ይመቻል። ስፒል በአደጋ ጊዜ ወደ ራስ ቆዳ ይገባል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የተሳፋሪዋ ልብስ ነው። የጂልባብ፣ የአባያ፣ የነጠላ ጫፍ ወደ ኋላ ጎማ ወይም ወደ ካቴናው ከገባ በቅጽበት ይጠቀልላታል፤ አንገት ላይ የተጠመጠመ ከሆነ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። እናቱን ወይም ሚስቱን የሚጭን ሰው ከመነሳቱ በፊት ወርዶ ልብሷ ተሰብስቦ እንደተቀመጠች በዓይኑ ይይ። የካቴና መሸፈኛውን «ይንኳኳል» ብሎ የፈታ ካለ መልሶ ያስገጥመው። በአንድ ጎን መቀመጥም ሚዛን ስለሚያዛባ በተለይ በቁልቁለት አደገኛ ነው። ለተሳፋሪም ሄልሜት ያስፈልጋል፤ አንድ ሄልሜት ገዝቶ ለራሱ አድርጎ ልጁን ባዶ ራሱን የሚጭን አባት አይቼ አላውቅም ብል እዋሻለሁ።

በረመዷን የአስር ሰላት ካለፈ በኋላ ያለው ሰዓት ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰውነት ውኃ አጥሮታል፣ ዓይን ይዝላል፣ ሁሉም ለኢፍጣር ይሮጣል። ኪሳችሁ ውስጥ ሁለት ቴምርና ትንሽ ውኃ ካለ መንገድ ላይ አዛን ቢላችሁ ቆማችሁ ታፈጥራላችሁ፤ መቸኮል አያስፈልግም። ጫት ቅሞ ሌሊት የሚነዳ ሰው ደግሞ ነቃሁ ይላል እንጂ ድካሙ አልለቀቀውም።

ሞተሩን ስትገዙ ሊብሬው በስማችሁ ይዙር፣ ሰሌዳ ይኑረው፣ የዓመት ምርመራውና ቦሎው የታደሰ ይሁን። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ መድኑ ቢኖርም ነጂው ፈቃድ ከሌለው መድን ሰጪው ለተጎጂው ከፍሎ ተመልሶ ባለንብረቱን ሊጠይቅ ይችላል። ሞተራችሁን ፈቃድ ለሌለው ወንድማችሁ «ለአፍታ» ስታውሱ ያዋሳችሁት ቤታችሁንም ጭምር ነው።

በሞተር ሠርቶ ለማደር የምታስቡ ደግሞ ፈቃድ ማግኘት በየከተማው ለመሥራት ፈቃድ ማግኘት እንዳልሆነ እወቁ። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ሞተር ሳይክልን ስትከለክል ልዩ ፈቃድ ያላቸው ብቻ ነበሩ የቀሩት፤ በዕዳ ሞተር የገዙ ወጣቶች ሞተራቸውን አቁመው ቀርተዋል። በየከተማችንም የሰዓት ገደብ ይወጣል፣ ይነሳል። ከመግዛታችሁ በፊት የከተማውን ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

የእህቴ ልጅ አሁን ኮምቦልቻ ማሠልጠኛ ገብቷል። ንድፈ ሐሳቡን ጨርሶ ተግባር ላይ ነው። ስምንት ቁጥሩ ለሁለት ሳምንት አስቸግሮት ነበር፤ ዓይኑ ከፊት ጎማው አልነሳ ብሎ። ባለፈው ጁምዓ ከሰላት በኋላ ደውሎ «አጎቴ፣ ዛሬ እግሬን ሳላወርድ ጨረስኩት» አለኝ። በዚያው ሳምንት ምርኩዛቸውን ይዘው የሚሄዱትን አባት ሊጠይቅ ሄዶ እንደነበር የሰማሁት ከእናቱ ነው። በእግሩ ነው የሄደው።